ካውኖዝ ሬይ በእርግጥ የቼሳፒክን ኦይስተር ጨርሶታል?

ጠያቂው የጻፉት በአጭሩ ይህ ነው፦ ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ልጆቻቸውን ይዘው ፖቶማክ ወንዝ ቼሳፒክ ቤይ ከሚባለው የባሕር ወሽመጥ ጋር ወደሚገናኝበት ወደ ፖይንት ሉክአውት ወርደው ነበር። ከፒሩ ላይ ሆነው ቡናማ ጠፍጣፋ ዓሦች በመንጋ ሲያልፉ አዩ። የክንፋቸው ጫፍ ከውኃው ብቅ ሲል ልጆቹ ሻርክ መስሏቸው ጮኹ። አጠገባቸው የሚያጠምዱ አንድ አዛውንት ደግሞ «ቤዩን ባዶ ያስቀሩት እነዚህ ናቸው፤ ኦይስተሩን በልተው ጨረሱት» አሏቸው፤ ኦይስተር ሁለት ዛጎል ያለው፣ ሰው የሚበላው የባሕር ፍጥረት ነው። ጥያቄዎቹም፦ እውነት ነው ወይ? ምን ምን ይበላሉ? ልጆች እነሱ ባሉበት ቢዋኙ ያሰጋል ወይ? እኛስ ብንበላው?

ያዩት ካውኖዝ ሬይ ነው፤ የሳይንስ ስሙ ራይኖፕቴራ ቦናሰስ ይባላል። ጊዜውም ቦታውም ይገጥማል። በሜይ ከውቅያኖስ ወደ ቤዩ ይገባል፣ በጋውን በየወንዞቹ አፍ ሲበላና ሲወልድ ይከርማል፣ በኦክቶበር ገደማ ወደ ደቡብ ይመለሳል። ሙሉ ሰውነት የደረሰች ሴት ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 90 ሴንቲሜትር ያህል ትሆናለች። የክንፉ ጫፍ ከሻርክ ክንፍ ጋር መምታታቱ የልጆችዎ ጥፋት አይደለም፤ አዋቂም ይሳሳተዋል።

ስለ ኦይስተሩ አጭሩ መልስ፦ አልጨረሰውም። ሲያገኝና ሲመቸው ይበላል፣ በአንዳንድ ቦታም አርቢዎችን አስለቅሷል። የቼሳፒክን ኦይስተር ግን ያጠፋው የሰው ልጅ ከልክ ያለፈ ማስገርና በሽታ ነው። ረጅሙ መልስ የሚጀምረው ከዓሣው አፍ ነው፤ ምክንያቱም ምን እንደሚበላና ምን እንደማይበላ የሚወስነው በአመዛኙ አፉ ነው።

ሬይ የሻርክ ዘመድ ነው፤ አጽሙ በሙሉ ልም አጥንት ነው። የሻርክ ስለታም ጥርስ ግን የለውም። ላይና ታች መንጋጋው ላይ ያለው አንዳንድ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ባለ ስድስት ጎን ጥርሶች ክፍተት ሳይተዉ ተገጣጥመው የሠሩት ሲሆን ብዙውን ጊዜ ሰባት ረድፍ አለው፤ መካከለኛው ከሁሉም ይሰፋል። መጅና ወፍጮን ያስቡ፤ ሥራው ያው ነው፣ ዛጎሉ መሐል ይገባና ይደቅቃል። ፊት ያለው ጥርስ እየተበላ ሲያልቅ ከኋላ አዲሱ እየተገፋ ይተካዋል። የሞተ ሬይ አፍ ከፍተው ጣትዎን ከፊት ወደ ኋላ ቢያስኬዱ ይህ ግልጽ ሆኖ ይሰማዎታል፦ የፊተኛው ጠርዝ ተፍቆ ጎድጉዷል፣ የኋለኛው ገና ምንም አልነካውም።

ልም አጥንት ይህን ያህል ጉልበት እንዴት ይችላል? የጆሯችን ቅርጽ እኮ ልም አጥንት ነው። አዳም ሰመርስ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት መልሱን አሳይቷል። የካውኖዝ ሬይ መንጋጋ ውስጡ በካልሲየም የጠነከሩ ትንንሽ ምሰሶዎች አሉት፤ ምሰሶዎቹ የላይኛውን ግድግዳ ከታችኛው ጋር ያያይዙታል። ግራና ቀኝ መንጋጋውም መሐል ላይ አንድ ሆኖ ገጥሟል። ስለዚህ ጡንቻው ሲጨምቅ መንጋጋው አይጎብጥም፣ የሚሰበረው ዛጎሉ ነው።

ይህ ሁሉ ጉልበት ግን ወሰን አለው። አፉ ጠባብ ነው፤ ሰሌዳዎቹ መሐል የማይገባ ነገር የቱንም ያህል ቢጥም አይደቅቅም። የቨርጂኒያ የባሕር ሳይንስ ኢንስቲትዩት ባልደረባ ሮበርት ፊሸርና አብረዋቸው የሠሩት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ሥራ በገንዳ ውስጥ ላሉ ሬዮች ልዩ ልዩ መጠን ያለው ኦይስተርና ክላም (እሱም ባለ ሁለት ዛጎል ነው፣ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል) ሰጥተው አይተዋል። ጎልማሶቹ በደንብ የተሳካላቸው ቁመቱ ከ3 እስከ 7 ሴንቲሜትር በሚሆን ኦይስተር ላይ ነበር። አሁን ይህን ከሕጉ ጋር ያስተያዩት፦ በሜሪላንድ ከሕዝብ መሬት ለገበያ የሚወጣ ኦይስተር ቢያንስ 3 ኢንች፣ ማለትም 7.6 ሴንቲሜትር መሆን አለበት። አዛውንቱ «ጨረሱት» የሚሉት ለሽያጭ የደረሰው ኦይስተር አብዛኛው ከዚህ ዓሣ አፍ በላይ ሆኗል ማለት ነው። አደጋው ያለው ትንሹ ላይ ነው፤ እሱን ከታች እመለስበታለሁ።

ምግቡን የሚያገኝበት መንገድ ከአፉ ባልተናነሰ ያስደንቃል። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ናቸው፣ አፉ ደግሞ ሆዱ በኩል ነው። ስለዚህ የሚበላውን አያየውም። ከአፍንጫው በታች ሥጋ የለበሱ ሁለት ሰፋፊ ከንፈር መሰል አካላት አሉት። ሲዋኝ ወደ ላይ አጥፎ ይይዛቸዋል፤ ታች ወርዶ ምግብ ሲፈልግ ዘርግቶ አሸዋው ላይ ያስኬዳቸዋል። ቆዳቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሞልተውታል። ቀዳዳዎቹ ሕይወት ያለው ፍጡር ሁሉ የሚያመነጨውን እጅግ ደካማ ኤሌክትሪክ ይለያሉ። ክላም ከአሸዋው ሥር ሆኖ ውኃ ሲስብና ሲተፋ እንቅስቃሴው፣ ሽታውና ይህ ኤሌክትሪክ ተደምረው ያሳጡታል።

ካገኘ በኋላ ቆፋሪ ይሆናል። እዚያው ባለበት ቆሞ ክንፎቹን ያርገበግባል፤ ውኃ በአፉ ይስባል፣ በስንጥቡም በአፉም መልሶ ይተፋል። አሸዋው በውኃ ተበጥብጦ ይላላል፣ ደቃቁ እየተነሣ ጎን ለጎን ይወሰዳል፣ ክላሙ ይጋለጣል። ያኔ ሁለቱ ከንፈሮች ክላሙን ከግራና ከቀኝ ይከቡታል፤ ከአሸዋው ጋር ዙሪያውን ገጥመው ትንሽ ዝግ ክፍል ይፈጥራሉ። አፉ በድንገት ሲከፈት ያለው በሙሉ ወደ ውስጥ ይሳባል። ከዚያ ይፈጫል፣ ዛጎሉን ይተፋል፣ ሥጋውን ይውጣል። እንዲህ እየሆነ ጉድጓዱ እየሰፋ ይሄዳል፤ አንድ ሜትር ገደማ የሚሰፋ አለ። ውኃው ጥርት ባለበት ቀን ፖይንት ሉክአውት ጥልቀት በሌለው በኩል ዳርዳሩን ቢሄዱ እነዚህን ክብ ጉድጓዶች ሊያገኟቸው ይችላሉ። ጠርዛቸው ላይ ስብርባሪ ዛጎል ካለ፣ ስብራቱም ነጭና ስለታም ከሆነ፣ ሬዩ ከሄደ ብዙ አልቆየም።

እንግዲህ ወደ ጨጓራው። የካውኖዝ ሬይ ጨጓራ ከፍቶ የማያውቅ ሰው ዛጎል ሞልቶ አገኛለሁ ብሎ ይጠብቃል። የሚገኘው ሌላ ነው፦ ነጣ ያለ፣ ዛጎሉ የተላጠለት የክላም ሥጋ፣ የክላም እግር፣ ውኃ የሚስቡበት ቱቦ ጫፍ፣ አልፎ አልፎ ደቃቅ የዛጎል ቁራጭ። ከሁሉም ጠቃሚው ማጠፊያው ነው፤ ሁለቱ ዛጎሎች የሚገጥሙበት ያ ወፍራም ጥርስ መሰል ክፍል ከየትኛው ዝርያ እንደመጣ ለሠለጠነ ዓይን ይነግራል። ጨጓራውን አልፎ አንጀቱ ውስጥ ከገባ ግን ጠመዝማዛው የአንጀቱ ክፍል አጣርቶ ስለሚፈጨው ሥጋውን መለየት አዳጋች ነው። ቀላሉን መንገድ የሚከተል ሰው ዛጎል ብቻ ቆጥሮ «ይህን ያህል በላ» ቢል ይሳሳታል፤ ዓሣው ትልልቁን ዛጎል ስለሚተፋ፣ ዛጎሉ ቀጭን የሆነው ዝርያ ከእውነተኛ ድርሻው በላይ የተበላ ይመስላል። ለዚህ ነው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከጨጓራው የተገኘውን ሥጋ ዲኤንኤ እየመረመሩ መለየት የተጀመረው።

በቼሳፒክ የተደረጉ የጨጓራ ጥናቶች ደጋግመው የሚያገኙት ሁለት ዝርያ ነው፦ ዛጎሉ ስስ የሆነው ማያ፣ በዚህ አገር ሶፍትሼል ክላም የሚሉት፣ እና ማኮማ የምትባለው ትንሿ ነጭ ክላም። ረዘም ያለችው ሬዘር ክላምም ትገኛለች። ሁሉም አሸዋና ጭቃ ውስጥ የተቀበሩ፣ ዛጎላቸው የማያስቸግር ናቸው። ጎልማሳው ማያ ሃያ፣ ሠላሳ ሴንቲሜትር ጠልቆ ነው የሚኖረው፤ ሸርጣኑና ሌላው ዓሣ የማይደርስበትን ይህን ሀብት የሚያወጣ ብርቱ ቆፋሪ ያስፈልጋል፣ ካውኖዝ ሬይ ደግሞ ለዚያ የተሠራ ነው። ኦይስተር በአንጻሩ ዛጎሉ ወፍራምና ሻካራ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ ክምር የሚሠራ ነው። ከቤዩ በተያዙ ሬዮች ጨጓራ ውስጥ ኦይስተር መገኘቱ አልፎ አልፎ ነው።

ዓሣው በክላም ብቻ የሚኖርም እንዳይመስልዎት። በፍሎሪዳ ሻርሎት ሃርበር በተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ውጤት ብዙዎችን አስገርሟል፦ እዚያ ያሉት ካውኖዝ ሬዮች የሚበሉት በብዛት ጥቃቅን ሸርጣን መሰል ፍጥረታትንና ትሎችን ነበር፣ ክላም ከእነሱ ጋር ተደባልቆ። ዋናው ቁም ነገር ከአሸዋው ሥር በብዛት ያለውን፣ ለመውጣትም ለመሰበርም የማያስቸግረውን መብላቱ ነው። ግልገሉ ደግሞ መንጋጋው ገና ስላልጠነከረ ከእናቱ የበለጠ ትንሹንና ስሱን ይመርጣል።

አሁን ወደ ትንሹ ኦይስተር ልመለስ፤ አዛውንቱ የተናገሩት ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለምና። ሰው ኦይስተር ሊያራባ ወይም የጠፋውን ሊተካ ሲል ጣት የምታህለውን ግልገል አንድ በአንድ ተለያይታ ባሕሩ ወለል ላይ ከበተናት፣ ለሬይ ከዚህ የተመቸ ገበታ የለም። መጠኗ ልክ ነው፣ ከሌላ አልተጣበቀችም፣ መቆፈርም አያስፈልግም። መንጋ ሲያገኘው በአጭር ጊዜ ያጸዳዋል፤ ይህ ደርሷል፣ ገንዘቡን ያፈሰሰው አርቢ ቢናደድ አልፈርድበትም። ተመሳሳይ ነገር በሰሜን ካሮላይና በስካሎፕ፣ በሌላው ባለ ሁለት ዛጎል ፍጥረት፣ ላይ ታይቷል። ቻርልስ ፒተርሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳተሙት፣ በመጸው ወደ ደቡብ የሚያልፈው መንጋ ስካሎፕ በበዛበት ቦታ ላይ ሲቆም ሙልጭ አድርጎ ይበላል፤ ጥቂት ብቻ ያለበትን ግን አልፎት ይሄዳል። ይህን ያወቁት ሬይ እንዳያልፍ ዙሪያውን እንጨት ተክለው፣ ውስጥ ያለውን ከውጭው ጋር በማነጻጸር ነው። እኔ በበኩሌ ስለዚህ ዓሣ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ በጣም የምወደው ይህን የእንጨት አጥር ነው፤ ርካሽ፣ ግልጽ፣ የማያከራክር።

መፍትሔውም የታወቀ ነው። ኦይስተሩ በሽቦ ቅርጫት ውስጥ ያድጋል፣ ክላሙ በመረብ ይሸፈናል። በሜሪላንድ የጠፋውን ኦይስተር ለመተካት በሚደረገው ሥራ ደግሞ በኬምብሪጅ ከተማ የሚገኘው የሆርን ፖይንት መፈልፈያ ጣቢያ የኦይስተሩን እጭ በአሮጌ የኦይስተር ዛጎል ላይ አስጣብቆ ነው የሚያወርደው። ግልገሎቹ በአንድ ዛጎል ላይ ተደራርበው ሲያድጉ ክምሩ ከሬይ አፍ በላይ ይሆናል።

ታዲያ የ«ጨረሱት» ታሪክ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2007 ራንሰም ማየርስና ባልደረቦቻቸው በሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ሰንሰለቱ የሚያሳምን ነበር፦ ሰው ትልልቅ ሻርኮችን ፈጀ፤ ሻርክ ሲጠፋ ካውኖዝ ሬይ በዛ፣ ቁጥሩም 40 ሚሊዮን ሳይደርስ አይቀርም፤ ሬይ ሲበዛ ስካሎፕና ኦይስተር አለቀ። ጋዜጣው ሁሉ አስተጋባው። ዓሣ አስጋሪውም የሚያየውን መንጋ የሚያብራራለት ነገር አገኘ። በቨርጂኒያ ዓሣውን «ቼሳፒክ ሬይ» ብሎ ለምግብ ቤት የመሸጥ ዘመቻ ተጀመረ፤ «ቤዩን አድኑ፣ ሬይ ብሉ» የሚል መፈክርም ወጣለት። በሜሪላንድ ደግሞ በፓታክሰንት ወንዝ በቀስት እየወጉ ማን ከባዱን ገደለ የሚባልበት ውድድር ይካሄድ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2016 የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ዲን ግራብስና ባልደረቦቻቸው ያንኑ መረጃ መልሰው መረመሩት፣ ሰንሰለቱም እያንዳንዱ ቀለበት ላይ ላላ። ኦይስተሩና ስካሎፑ መመናመን የጀመሩት ሬይ በዛ ከተባለበት ጊዜ በፊት ነው። ከተጠቀሱት ሻርኮች አብዛኞቹ ካውኖዝ ሬይን ዋና ምግባቸው ማድረጋቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሂሳቡ አልሠራም፤ ይህ ዓሣ በተባለው ፍጥነት መብዛት አይችልም።

ለምን እንደማይችል ማየት ደስ ይላል፣ አመጋገብም አለበት። ሴቷ ለመውለድ የምትደርሰው በሰባት ስምንት ዓመቷ ነው። እርግዝናው አስራ አንድ፣ አስራ ሁለት ወር ይፈጃል። የሚወለደው በአብዛኛው አንድ ብቻ ነው፤ ሲወለድ 40 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት አለው። በማኅፀን ሳለ መጀመሪያ አስኳሉን ይመገባል። አስኳሉ ሲያልቅ የማኅፀኗ ግድግዳ ቅባትና ፕሮቲን የበዛበት ወተት መሰል ፈሳሽ ያመነጭለታል፤ ግልገሉ የሚወፍረው በዚያ ነው። በጁን መጨረሻና በጁላይ ወልዳ ወዲያው ደግማ ታረግዛለች፤ ወንዶቹ ከዚያ በኋላ ቀድመው ከቤዩ ይወጣሉ። በዓመት አንድ ግልገል የምትወልድ እንስሳ እንደ ሄሪንግ ዓሣ አትፈላም። መንጋው ብዙ መስሎ የሚታየው ሁሉም በአንድ ወቅት፣ በአንድ ቦታ፣ ውኃው ፊት ላይ ስለሚሰበሰብ ነው።

ኦይስተሩ እንግዲህ በምን አለቀ? ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ1884 ገደማ በአንድ የምርት ዘመን 15 ሚሊዮን ቡሽል (ቡሽል የኦይስተር መስፈሪያ ነው) ያህል ኦይስተር አውጥታለች። ድሬጅ የሚባለው፣ ጀልባ የሚጎትተው መጥረጊያ ኦይስተሩን ብቻ አልነበረም የሚያነሣው፤ ግልገሎቹ የሚጣበቁበትን የዛጎል ክምር ጭምር ጠርጎ ወሰደው። ክምሩ ሲጠፋ የቀረው ወለል ጭቃ ሆነ። ከዚያ በላይ በሽታው መጣ፦ ደርሞ የተባለው ጥገኛ ተውሳክ እ.ኤ.አ. በ1949፣ ኤምኤስኤክስ የተባለው ደግሞ በ1959 በቤዩ ታወቁ። ዛሬ የቀረው ከጥንቱ አንድ በመቶ ገደማ እንደሆነ ነው የሚነገረው። ሬዩ በዚህ ሁሉ ጊዜ እዚያው ነበር፤ ኦይስተሩ ባሕሩን ሞልቶ በነበረበት ዘመንም ነበር።

በቀስት የመግደሉን ውድድር በተመለከተ የሜሪላንድ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 እገዳ ጣለ፣ ለዓሣው የአያያዝ ዕቅድ እንዲወጣም አዘዘ፤ በ2019 እገዳው ተራዘመ። ሌላም ምክንያት ተጨምሯል። በኤጅዋተር የሚገኘው የስሚዝሶኒያን የአካባቢ ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ድምፅ የሚልክ መሣሪያ አስረው የለቀቋቸው ሬዮች ብርዱን በፍሎሪዳ ኬፕ ካናቬራል አካባቢ ከርመው፣ በበጋው ብዙዎቹ ቀድሞ ወደነበሩበት ወንዝ ተመልሰዋል። ስለዚህ በአንድ ወንዝ ውስጥ በጁን እርጉዞቹን በቀስት መውጋት የዚያን ወንዝ ዘር መንቀል ነው። የሌላው ወንዝ ሬይ መጥቶ ይሞላዋል ብሎ መገመት አያዋጣም።

ለሬዩ ጠበቃ ቆምኩ እንዳይባል አንድ ጥፋቱንም ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቨርጂኒያ ዮርክ ወንዝ ክላም ሲቆፍር የባሕር ሣሩን ከነሥሩ እየነቀለ ሰፊ ቦታ ራቁቱን አስቀርቷል፤ ሣሩ ደግሞ ለትንሹ ሸርጣንና ለዓሣው ጫጩት መጠለያ ነው። ግን በዚያው ዘመን፣ በጁን 1972፣ አግነስ የተባለችው ማዕበል ያወረደችው ጎርፍ በቤዩ ሣሩንም ማያ ክላሙንም በጅምላ ገድላለች። የትኛው ምን ያህል እንዳጠፋ ለያይቶ ማስቀመጥ ቀላል አይደለም።

ስለ ልጆችዎ። አይነክስም፤ አፉ ሆዱ በኩል ነው፣ የሚፈልገውም አሸዋ ሥር ያለውን ነው። በአኳሪየም ልጆች እንዲዳስሱት በሚፈቀድባቸው ገንዳዎች የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ይኸው ዝርያ ነው፤ እዚያ ግን መርዛማ እሾሁ ይከረከማል። በቤዩ ውስጥ ያለው እሾሁ አልተነካም። እሾሁ ጅራቱ ጫፍ ላይ አይደለም፣ ጅራቱ ከገላው ጋር በሚገናኝበት አጠገብ ነው። ስለዚህ አደጋው በአመዛኙ ለሚይዘው ሰው እንጂ ለሚዋኘው አይደለም። ካውኖዝ ሬይ እንደ ሌሎቹ ስቲንግሬዮች አሸዋ ለብሶ ተኝቶ ስለማይውል የመረገጡ ዕድል አነስተኛ ነው። ቢሆንም በዚያው ውኃ ሌላ ዓይነት ስቲንግሬይም ስለሚኖር ልጆቹ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ሲሄዱ እግራቸውን እያነሡ ከመጣል ይልቅ አሸዋው ላይ እየጎተቱ ይሂዱ፤ ዓሣው ከሩቅ ሰምቶ ይሸሻል። መንጠቆዎ ላይ ከመጣብዎ ከጅራቱ ሥር እጅዎን አያስገቡ፤ ክሩን አሳጥረው ቆርጠው ይልቀቁት። ቢወጋ ቁስሉ መቻል የሚቻለውን ያህል በሞቀ ውኃ ውስጥ ይነከር፣ ሙቀቱ የመርዙን ጉልበት ይሰብራል፤ እንዳያቃጥል ሌላ ሰው በእጁ ይሞክረው፤ ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት። ደረት ወይም ሆድ ላይ ከሆነ ወይም እሾሁ ተሰብሮ ከቀረ ሳይነቅሉ በቀጥታ 911 ይደውሉ።

ካፒቴን ጆን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1608 በራፓሃኖክ ወንዝ አፍ ላይ ዓሣ በሰይፍ እየወጋ ሲያወጣ ሬይ ክንዱን ወግቶት ነበር። ባልደረቦቹ ይሞታል ብለው መቃብር ቆፈሩለት። ማታ ተሻለውና ያንኑ ሬይ በራት በላው። ቦታው እስካሁን ስቲንግሬይ ፖይንት ይባላል።

ከዚህ የመጨረሻው ጥያቄዎ ላይ ደረስን። ይበላል፤ የሚበላው ክንፉ ነው፣ ሥጋውም እንደ ሌላ ዓሣ ነጭ ሳይሆን ቀላ ያለ ነው። በሃይማኖት ሥርዓት የሚበሉና የማይበሉ ዓሦችን ለሚለይ ሰው ግን ነገሩ አጭር ነው፦ ቅርፊት የለውም፣ ቆዳው ልስልስ ነው፣ አምባዛ የማይበላ ሰው ይህንንም አይበላም። ልሞክረው ካሉ አንድ ነገር ይወቁ፤ የሬይ ሥጋ ውስጥ ዩሪያ አለ፣ ዓሣው እንደተያዘ ደሙ ካልፈሰሰና ወዲያው በረዶ ውስጥ ካልገባ የአሞኒያ ሽታ ያመጣል፣ ያን ሽታ ሎሚም ሚጥሚጣም አይሸፍነውም። ፒሩ ላይ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለ ሬይ ለምግብ አይሆንም። ከዚያው ፒር ስፖት፣ ክሮከርና ዋይት ፐርች ይያዛል። ሦስቱም ቅርፊት አላቸው፣ ለመጥበሻም ይሻላሉ፤ የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ብቻ አስቀድመው ይጠይቁ።